ለማሽኑ አፍ አላት፣ ለራሷ ግን

ዕቃ ስትገዙ ከካርቶኑ ሥር ታጥፎ የሚወጣው ትንሽ መጽሐፍ የት ነው የሚደርሰው? እውነቱን አውጡ፣ እዚህ የሚከሳችሁ የለም። እኔም እንደናንተው ነበርኩ፤ ዕቃውን ብድግ፣ መጽሐፉን ወደ ቆሻሻ። ማሽኑ አልነሣ ሲል ማሽኑን በጥፊ፣ አሁንም አልነሣ ሲል የሠሪውን ዘር ማንዘር መቁጠር። ያንን ትንሽ መጽሐፍ ግን ሰው ቁጭ ብሎ ጽፎታል። ከሰማይ አልወረደም። «መጀመሪያ ገመዱን ይሰኩ፣ ቀጥሎ አረንጓዴውን ቁልፍ ይጫኑ» የምትለዋን ለመጻፍ አንዷ ምስኪን ወንበር ላይ ተቀምጣ ወገቧን ጨርሳለች፣ ዓይኗን አፍዝዛለች፣ ከመሐንዲስ ጋር ተጨቃጭቃለች። ፈረንጅ ይህን ሥራ ቴክኒካል ራይቲንግ ይለዋል። እንደማንኛውም ሙያ ይማሩታል፣ ይቀጠሩበታል፣ ያድጉበታል። እኔ ከአራተኛ ክፍል የወጣሁ ሴትዮ እዚህ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ? ተናድጄ ነዋ! የተናደደ ሰው ደግሞ ስንተኛ ክፍል ነህ አይባልም።

ያናደደችኝ የእህቴ ልጅ ፍሬህይወት ናት። ፍሬ እንላታለን። ገና ልጅ ሳለች ወደኔ መጥታ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ አሁንም ሮቢንስዴል በምትባል የሚኔሶታ ከተማ አብረን ነው የምንኖረው። እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ። በሚኔሶታ በረዶ ላይ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሕፃን ጭኖ የሚነዳ ሰው ድምፁ ቀጭን ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ በጽሑፍም ብጮህባችሁ ልማድ ነውና ጆሯችሁን ያዝ አድርጉ።

ፍሬ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሽማግሌ እያገላበጠች፣ ድርብ ሺፍት እየሠራች ነው የኖረችው። ታዲያ እዚያ አዲስ ማሽን በመጣ ቁጥር ሠራተኞቹ ሁሉ ከበው ያዩታል፤ መጽሐፉን ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል፣ ከዚያ «ፍሬ የት አለች?» ይባላል። ፍሬ መጽሐፉን ይዛ ጥግ ትቀመጥና የሚነበብ አድርጋ በወረቀት ትገለብጠዋለች፣ ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች። አንድ ቀን አንዲት ነርስ «ለዚህ እኮ ሰው ደመወዝ ይከፈለዋል» አለቻት። ልጅቱ ያን ቀን ስትመጣ ፊቷ በርቶ ነበር። በሳምንቱ ኮሌጅ ሄዳ ለማታው ክፍል አፕላይ አደረገች።

ቤተ ክርስቲያን ስነግራቸው የሴቶቹን ፊት ብታዩት!

«ፍሬ ምን ልትማር ነው?»

«መመሪያ መጻፍ።»

«የመንግሥት?»

«የማሽን!»

«ውይ! ጎበዝ ልጅ አልነበረች እንዴ፣ ነርስ ብትሆን ምናለ?»

እኛ ሚኔሶታ ያለን ኢትዮጵያውያን የምናውቀው ሙያ ሁለት ነው፤ ነርስ መሆንና ነርስ ለመሆን መማር። ሦስተኛ ካለ መኪና መንዳት ነው። ከዚያ ውጭ ያለውን ሁሉ «ትንሽ ቆይታ ትተወዋለች» እንላለን። ያኔም ተናድጄ ነበር። ነገር ግን ያ የመጀመሪያው ንዴት ነው፣ ገና ማሟሟቂያ።

ፍሬ ስትማር መሞከሪያዋ እኔ ነበርኩ። ይህ ሙያ ለካ አንባቢ ላይ ይፈተናል። አንድ ቅዳሜ የተበታተነ የአየር ማራገቢያ ሳሎን መሐል አፍስሳ፣ የጻፈችውን ወረቀት እጄ ላይ አስቀምጣ፣ እርሳስ ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ግጠሚው።»

«ይሄ ብሎን የቱጋ ነው?»

«እኔን አትጠይቂኝ እቴቴ፣ እኔ የለሁም። ወረቀቱን ጠይቂ።»

ወረቀቱን ጠየቅኩት። እግሩን ራሱ ላይ ገጠምኩት። ማራገቢያው የሰከረ ሽመላ መስሎ ቆመ። ልጅቱ በደስታ ልታብድ! «እሰይ! የቱ ዓረፍተ ነገር ነው ያሳሳተሽ?» ትለኛለች። እኔ እኮ ዕድሜ ልኬን ስሳሳት «አንቺ ደንቆሮ» ሲሉኝ ነው የኖርኩት። እሷ ግን «አንቺ አልተሳሳትሽም፣ ጽሑፌ ነው የተሳሳተው» ብላ ሰርዛ እንደገና ጻፈችው። በሁለተኛው ገጠምኩት። ሲዞር ከማራገቢያው በላይ እኔ ዞርኩ፣ ጨፈርኩ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ የሙያውን ሕግ ሳላስበው ለመድኩት። አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ሥራ ብቻ ያዛል። ማስጠንቀቂያው ከሥራው በፊት ይመጣል፤ «ከመክፈትዎ በፊት ገመዱን ይንቀሉ» የሚለው ከተከፈተ በኋላ ከተጻፈ የሚጠቅመው ለቀብር ነው። «ቢጫኑት ጥሩ ነው» ብሎ ነገር የለም፤ «ይጫኑ» ነው። ምናልባት፣ እንደሚመስለኝ፣ ካላስቸገርኩ የሚባሉ ቃላት ከዚህ ሙያ ደጃፍ አይደርሱም። ትንፋሽ ያጠረው ሰው የመተንፈሻ ማሽን ፊቱ ላይ ሊያደርግ ሲል «ምናልባት ቢጫኑት» እያሉ አይሽኮረመሙበትም። ፍሬ ይህን ስታስረዳኝ ድምፅዋ ይለወጣል፤ ዳኛ ትመስላለች። እኔም ይህቺን አንገቷን የምትደፋ ልጄን ሙያው ቀና አደረገልኝ ብዬ ነበር።

ደስ ደስ ብሎኝ! ጉዴን ሳላውቅ።

ፍሪድሊ በምትባል ጎረቤት ከተማ ውስጥ ሰው ቤቱ ተኝቶ የሚተነፍስበትን ማሽን የሚሠራ አንድ ኩባንያ በኮንትራት ቀጠራት። እዚያ መመሪያ የሚጽፉት ሁለት ነበሩ። አንዷ ባርብ የምትባል፣ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ፍሪድሊ የሆነች፣ ፀጉሯ የሸበተ ቋሚ ሠራተኛ ናት። ሁለተኛዋ ፍሬ ናት። አለቃቸው ግሬግ ይባላል፣ ከቴክሳስ የመጣ ነው። ከቴክሳስ መምጣቱን ያዙልኝ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ነው የሚሰናከለው።

የፍሬ ኮንትራት የሚያልቀው አሁን የምትጽፈው የአሮጌው ማሽን መመሪያ ሲያልቅ ነው። ከዚያ ወይ ቋሚ ትሆናለች፣ ወይ ተመልሳ ነርሲንግ ሆም ገብታ ሽማግሌ ታገላብጣለች። ሽማግሌ ማገላበጥ ነውር አይደለም፣ ብዙዎቻችን የምንበላው ከዚያ ነው፤ ነገር ግን የልጅቱ ወገብ አልቋል፣ ልቧም ሌላ ቦታ ነው። በዚህ መሐል ኩባንያው አዲስ ማሽን ሊያወጣ ሆነ። የዚያን ማሽን መመሪያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚመራ፣ ከመሐንዲሶቹ ጋር ስብሰባ የሚቀመጥ፣ ሊድ የሚባል ቋሚ ጸሐፊ ይፈለጋል ተባለ። ፍሬ ይህን ሥራ ፈለገችው። እንዴት ፈለገችው መሰላችሁ! ቅዳሴ ላይ ሆና ስለ ማሽኑ ስታስብ አፏ ሲንቀሳቀስ አይቻታለሁ።

አንድ ማታ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ገባች። ኮቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«ግሬግ ዛሬ ጠርቶ አነጋገረኝ።»

ቢላዬን አስቀመጥኩ። «ምን አለሽ?»

«አዲሱን ማሽን አንቺ ብትመሪው ምን ይመስልሻል አለኝ።»

እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቷን አየሁትና አፌን መልሼ ገጠምኩት። «አንቺስ ምን አልሽው?»

«ኧረ እኔ አልችልም፣ ከኔ የሚሻል ይኖራል አልኩት።»

«እሱስ?»

«ኦኬ፣ ፍላጎትሽን አከብራለሁ፣ በግልጽ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት።»

«ምኑን?»

«ደግሞ እንዲጠይቀኝ ነዋ! ላፕቶፑን ከፍቶ መሥራት ጀመረ። ቁጭ ብዬ ሲያየኝ ‹ሌላ ነገር አለ ወይ?› አለኝ። የለም ብዬ ወጣሁ።»

እናንተዬ! ሽንኩርቱ ነው እንዳልል እንባዬ የንዴት ነበር።

እስቲ እኛ ዘንድ ሰው ቤት ስትገቡ «እንብላ» ሲሏችሁ ምን ትላላችሁ? «አሁን በልቼ መምጣቴ ነው።» ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ባይደርሳችሁም በልታችሁ መጥታችኋል። ባለቤቲቱም እንደማትበሉ አታምንም፤ «ሞቼ እገኛለሁ!» ትላለች። «ኧረ በእመቤቴ፣ አንድ ጉርሻ አይገባልኝም።» «ተጣላን በቃ!» ክንዳችሁ ይጎተታል፣ ትቀመጣላችሁ፣ ከዚያ ከሁሉ በላይ የምትበሉት እናንተ ናችሁ። በመጀመሪያው ጥሪ እሺ ያለ እንግዳማ ሲወጣ ስሙ ይነሣል፤ ሆዳም፣ ዓይን አውጣ፣ ያላሳደጉት። ቤት ውስጥ ጣፋጭ ነገር ነው፣ አልካድኩም። የጋባዥ ፍቅር የሚለካው በጉተታው ነው።

ግሬግ ግን ሞቼ እገኛለሁ አላለም። ግሬግ ከቴክሳስ ነው። አይሆንም ሲሉት አይሆንም ይሰማል።

«አንቺ!» አልኳት። «የሰው ማሽን እንዳይሳሳት አድርገሽ የምታናግሪ፣ ለራስሽ ሲሆን አፍሽ የት ገባ? ይጫኑ ማለት ሲገባሽ አይንኩት ብለሽ ጽፈሽ፣ ሰውየው አልነካም ብለሽ ታኮርፊያለሽ?»

«እንዴት እሺ ልበለው እቴቴ? በአንዴ?»

«በአንዴ!»

«ለካ አሰፍስፋ ነበር ይለኛላ!»

«አሰፍስፈሻል እኮ!»

ተነሥታ ኮቷን ሰቀለች። ሽንኩርቱን ከተፍኩት ማለት አይቻልም፤ ፈጀሁት።

ቆይ፣ አላለቀም። ፍሬ እኮ «አሁን ለባርብ ይሰጣታል፣ ይገባታልም» ብላ ልቧን አሳርፋ ነበር። በማግስቱ ምሳ ላይ ባርብን እንኳን ደስ አለሽ ልትላት ስትል ባርብ ዓይኗን ሰበር አድርጋ «እኔንማ ካንቺ በፊት ጠይቆኝ ነበር» አለቻት።

«እና?»

«ኦ፣ እኔማ ለዚህ አልሆንም አልኩት። እሱም እሺ አለ።» ባርብ ሳንድዊቿን ዝቅ አደረገች አሉ። «እኔ እንኳ አንዴ ይደግምልኛል ብዬ ነበር።»

አያችሁልኝ? የሚኔሶታን ሽማግሌዎች የምታውቁ ታውቃላችሁ። ጎረቤቴን መንገድ ላይ አግኝቼ መኪናዬ ላይ ግቢ፣ ላድርስሽ ስላት «ኦ ኖ፣ በእግሬ እሄዳለሁ» ትላለች፣ ውጭው አጥንት ይሰብራል። ሁለተኛ ስላት «አላስቸግርሽም» ትላለች። ሦስተኛ ስላት ቀበቶዋን አስራ ተቀምጣለች። መጀመሪያ ሳያት ይህቺ ሴትዮ የኛ አገር ልጅ ናት ብዬ ነበር። እንግዲህ አንዷ ከአዲስ አበባ፣ አንዷ ከፍሪድሊ፣ ሁለቱም የፈለጉትን አይሆንም ብለው፣ ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው፣ አንድ የቴክሳስ ሰው መጥቶ ክንዳቸውን እንዲጎትት ይጠብቃሉ። ሰውየውስ ምን ያድርግ? ከቤት የሚፈልግ የለም ብሎ ለውጭ ሰው የሥራ ማስታወቂያ አወጣ። አርብ ይዘጋል። ከውጭ ሰው ገባ ማለት የፍሬ ወንበር ተነሣ ማለት ነው።

ይህን ስሰማ በንዴት ቤቱ ጠበበኝ። «ኮምፒውተርሽን አምጪ» አልኳት። «ኢሜይል ጻፊለት፣ አሁን፣ እዚህ፣ ፊቴ!»

ጻፈች። ፕሪንት አድርጊው አልኳት፤ እኔ ስክሪን ላይ ማንበብ አይሆንልኝም፣ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። እንግሊዝኛውን ወደኛ ቋንቋ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ «ሰላም ግሬግ፣ ሥራ እንደሚበዛብህ አውቃለሁ፣ ጊዜህን መሻማት አልፈልግም፣ ባለፈው ስላነሣኸው ጉዳይ ምናልባት የተሻለ ሰው ካላገኘህና ለማንም ችግር የማይፈጥር ከሆነ በሚመችህ ጊዜ ሐሳቤን ባካፍልህ ደስ ይለኛል፣ ካልተመቸህም ግድ የለም።»

ጣቴ ወረቀቱ መጨረሻ ደረሰ። ሴትዮዋ ምን እንደምትፈልግ አላገኘሁም።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አልኳት።

«ተጽፏል እኮ!»

«እኔን አታስረጂኝ። አንቺ የለሽም። ወረቀቱ ነው ያለው። በዚህ ወረቀት ማራገቢያ ብገጥም ጣሪያ ላይ ነው የሚሰቀለው!»

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። ከዚያ ፈገግ አለች፣ ያቺ የሥራ ፊቷ መጣች፣ እርሳስ አነሣችና መሰረዝ ጀመረች። ሥራ ይበዛብሃል፣ ወጣ። ምናልባት፣ ወጣ። ለማንም ችግር፣ ወጣ። ካልተመቸህ ግድ የለም የሚለውን ስትሰርዝ እርሳሱ ተሰበረ። የቀረው አንድ መስመር ነው፦ የአዲሱን ማሽን መመሪያ መምራት እፈልጋለሁ። መልሳ ስታነበው ጸያፍ ቃል እንደተናገረች ሁሉ ጆሮዋ ቀላ። በኢሜይል አይደለም፣ ነገ በአፌ እነግረዋለሁ አለች። እኔም ኩራት ያዘኝ። ልጄ ተማረች ብዬ እንደ ንግሥት ተኛሁ።

በማግስቱ አውቶቡሴን አቁሜ ቤት ስገባ ቀድማኝ ገብታለች። ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

«ነገርሽው?»

«ነገርኩት።»

«እሰይ!»

«መጀመሪያ ግን ለባርብ ነገርኳት።»

እሰይ ያልኩበትን አፍ ልመታው ነበር። «ለባርብ ምን አስነገረሽ?»

«ታላቄ ናት እቴቴ፣ ከጀርባዋ ዞሬ እንዴት እገባለሁ? ልጠይቀው ነው፣ አንቺም ከፈለግሽ አብረን እንግባ አልኳት። ‹ኦ ኖ፣ አንቺ ሂጂ› አለች።»

«በቃ! ሂጂ ካለችሽ ትሄጃለሽ!»

«ያንን እምቢታ አውቀዋለሁ እኮ! የኛው ነው። ደግሜ ለመንኳት፣ ‹ኧረ እኔ አርጅቻለሁ› አለች። ሦስተኛ ስላት ‹እንግዲህ ይህን ያህል ካልሽ› ብላ ቦርሳዋን አነሣች።»

«ፍሬ፣» አልኩ፣ «ባላንጣሽን ሦስት ጊዜ ለምነሽ አስገባሻት?»

«አብረን ገባን። ሁለታችንም እንፈልጋለን አልነው። ግሬግ እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ‹እናንተ ሴቶች ባለፈው ሳምንት የት ነበራችሁ?› አለ። ማስታወቂያውን እዚያው አወረደው።»

«ለማን ሰጠ?»

መስኮቱን አየች። «ባርብ ብዙ ዓመት ሠርታለች።»

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ይህን የሚያነብ ቄስም ሊኖር ይችላል። ያን የሚያህል ሙያ ተምራ፣ አንድ መስመር እውነት ለመጻፍ እርሳስ ሰብራ፣ በሩ ላይ ስትደርስ በሩን ለሌላ ከፍታ ትያዝ? ኮሌጁ ማስጠንቀቂያ የት እንደሚጻፍ ሲያስተምራት፣ ለራሷ አንድ «አዎ» ማለት የሚያስተምር ክፍል አጥቶ ነው? እኔስ በየትኛው ማራገቢያ ላስተምራት? በማግስቱ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሕፃን ትንፍሽ አላለም። የኋላዎቹ እንኳ፣ በየቀኑ የሚደባደቡት፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ትምህርት ቤት ደረሱ። ከትከሻዬ ንዴቱ ይታያል ማለት ነው።

ሳምንቱ እንዲሁ በኩርፊያ አለፈ። ፍሬ ኮንትራቷ ሲያልቅ ወዴት እንደምትሄድ አንጠያየቅም፤ የነርሲንግ ሆሙን ዩኒፎርም አጥባ ስታሰጣው አይቼ ፊቴን አዞርኩ።

ለካ ባርብ ወደ ላይ ስትወጣ የድሮ ቦታዋ ባዶ ቀርቷል። ቋሚ ቦታ። ግሬግም «አብራሽ የምትሠራውን አንቺው ምረጪ» ብሏታል። ፓርኪንግ ውስጥ ፍሬ የመኪናዋን መስተዋት በረዶ ስትፍቅ ባርብ መጣችና «የኔን ቦታ ትወስጂዋለሽ ወይ?» አለቻት።

ልጅቱ የበረዶ መፋቂያውን እንደያዘች «አዎ። እወስደዋለሁ። አመሰግናለሁ» አለች።

አንዴ ተጠይቃ! አራት ነጥብ ያለው ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ሥራ ብቻ የሚያዝ!

አሁን ደግሞ እናንተ ምን ልትሉ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሴቶቹ ቤተ ክርስቲያን ብለውኛል። ባርብን ባትለምናት ባርብ አትወጣም፣ ባርብ ባትወጣ ቦታው አይከፈትም፣ ስለዚህ ደግነቷ ነው ያበላት ትላላችሁ። ዝም በሉ። እንዲህ ያለ ወሬ ፍሬ ጆሮ ከደረሰ ነገ ደመወዝ ሲጨመርላት ለጎረቤት ስጡልኝ ትላለች፣ ያኔ ማን ሊይዛት ነው? አጋጣሚ ነው። አጋጣሚ ነው ብያለሁ!

እሷ ግን ያን ማታ በመደሰት ፈንታ ተክዛ እራቷን ትጎረጉራለች።

«ምን ሆነሽ ነው ደግሞ? ቋሚ አልሆንሽም?»

«ሆኛለሁ። ግን ባርብ እቴቴ… አዎ ስላት ደነገጠች። አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ሁለተኛ ልትጠይቀኝ ተዘጋጅታ ነበር መሰለኝ። ስግብግብ መሰልኳት ይሆን? ቢያንስ አንዴ ‹ኧረ› ማለት ነበረብኝ። ነገ ሄጄ ይቅርታ ብላት ምን ይመስልሻል?»

«ትደንግጥ!» አልኳት። ከከተማው ማዶ ዉድበሪ ያሉ ሰዎች ጩኸት ሰምተው ከሆነ እኔ ነኝ።